የቁርጥማት መድኃኒት ቅርጫ

የሺሀረግ ስድስት ዓመት ሙሉ አማርኛዋን እንደ ክት ልብስ ቆልፋበት ኖራለች። ጎንደር ተወልዳ፣ ወታደር አባቷን ተከትላ በልጅነቷ አስመራ ገብታ፣ እዚያው ተምራ፣ እዚያው ተመልሶ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር አግብታ ስትኖር ነፃነት መጣ። አባቷና የሠፈሯ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ እሷ ባሏን ይዛ ቀረች። እውነቱን ለመናገር ክፉ የተናገራት ሰው የለም። ግን ሰው የገዛ ድምፁን የሚፈራበት ጊዜ አለ። ገበያ ስትወጣ በትግርኛ፣ ያውም ባጭር ባጭሩ ነበር የምትናገረው፤ አንዳንዱ ቃል ከጉሮሮዋ አልወጣ ሲላት ደግሞ በጣቷ ትጠቁማለች። የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ውሎዋ ከሰው ይልቅ ከወረቀት ጋር ስለሆነ ተመስገን ብላ ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ ዶክተር ሊን መጣ።

ቻይናዊው ሐኪም የሚመጣ ዕለት የሆስፒታሉ ኃላፊዎች እንግሊዝኛቸውን አሰናድተው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰውየው አጭር፣ መነጽራም፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ነው። ከመኪናው ወርዶ ሁሉንም በየተራ እጅ ነሣና «ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?» አለ፤ በጠራ አማርኛ። ኃላፊዎቹ ተያዩ። ለካስ ሰውየው ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ምዕራብ ስምንት ዓመት አገልግሏል፤ አለቆቹም «ጎረቤት አገር ነው፣ ቋንቋውን ያውቃል» ብለው ልከውት ኖሯል። ከቻይንኛና ከአማርኛ በቀር ሌላ አያውቅም። እዚያ ከቆሙት ሰዎች ግማሹ አማርኛን እንደ ውሃ የሚጠጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁሉም የጫማውን ጫፍ ማየት ያዘ። በመጨረሻ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ካርድ ክፍል ያለችው ሴት አለች አይደል?» አለ። የሺሀረግ የዶክተር ሊን አስተርጓሚና ጸሐፊ የሆነችው እንዲህ ነው።

ዶክተሩ ከአገሩ የአንድ ሐረግ ሥር ይዞ መጥቷል። ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ ለቁርጥማት ሲጠጣ የኖረ ሥር ነው። ቅጠሉ መርዝ፣ ቅርፊቱ መርዝ ነው። ተልጦ በልኩ የተወሰደ እንደሆነ ግን ያበጠ መገጣጠሚያ ያስታግሣል ይባላል። ይህች «ይባላል» የምትል ቃል ናት ሰውየውን ዕረፍት የነሣችው። ይባላል ሳይሆን ነው ወይም አይደለም ብሎ መጻፍ ፈለገ። ስለዚህ አርባ የቁርጥማት በሽተኞች ይመዘገባሉ፤ ሥሩ ለጽንስ አደገኛ ነውና ልጅ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት አትገባም። ሃያዎቹ ሥሩ ያለበትን እንክብል ይወስዳሉ። ሃያዎቹ ደግሞ በመልክ ፈጽሞ የማይለይ፣ ውስጡ ግን ምንም መድኃኒት የሌለበት። ማን የትኛው እንደደረሰው በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም፤ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ብቻ አለ፣ ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ መድኃኒት ቤቱ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ረቡዕ ረቡዕ በሽተኞቹ መጥተው ይለካሉ። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ተጠቅልሎ በመጠኑ ይነፋና በሽተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨብጠዋል፤ መርፌው እስከ ስንት እንደወጣ የሺሀረግ ትጽፋለች። ጠዋት እጃቸው እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ትጠይቃለች። ሰዓት የሌላቸው «የካቴድራሉ ደወል ሲደወል ጀምሬ ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ» ይሏታል፤ እሷም ከሥራ ስትወጣ መንገዱን በእግሯ ለክታ ወደ ደቂቃ ትመነዝረዋለች።

ሃያ ሦስት ቁጥር አማቷ ናቸው፤ አደይ ሣህሊቱ፣ እናቴ ሣህሊቱ እንደማለት። ገጀረት ሠፈር ውስጥ በአንድ ጣሊያን ሠራሽ ቪላ የጓሮ ክፍሎች ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ሹሩባ ሠሪ ናቸው፤ ያውም የሙሽራ። በአስመራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሳቸው ጣት ተሠርታ ያልተዳረች ልጅ ተዳርሁ አትልም ነበር። አማርኛቸውንም የለቀሙት ከመኮንኖች ሚስቶች አናት ላይ ነው፤ ተረቱ ሳይቀር። ባላቸው ቶሎ ስለሞቱ ተመልሶን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት በእነዚያ ጣቶች ነው። አሁን ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል አባብጠው ተጣመዋል፤ ጉልበታቸውም ያነክሳቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ ግማሽ ራሷን ሠርተው ሌላውን ግማሽ መጨረስ አቅቷቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው ወጥተው መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ሚዶአቸውን ከሣጥን አላወጡም። ዶክተር ሊን ፊት የቀረቡት ታዲያ በአንድ ተስፋ ነው፤ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ለተብርሃን ልጅ ሳሊና በጥር ልትዳር ነው፤ ክርስትና ያነሷትን ልጅ በገዛ እጃቸው ሊሠሯት ቃል ገብተዋል።

መስቀል ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ጠርሙስ የሚታደልበት ቀን ደረሰ። ዶክተሩ ለየሺሀረግ «እያንዳንዱ ሰው ምን ውስጥ እንደሚገባ ይረዳ፤ ሳይገባው የሚወስድ ሰው አልፈልግም» አላት። እሷም አርባውን ሰው አግዳሚው ላይ ደርድራ፣ ግማሹን በትግርኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ትናንት ማታ ስታሰላስለው ያደረችውን ምሳሌ አወጣች።

«ቅርጫ ታውቃላችሁ አይደል? በሬው ታርዶ መደብ መደብ ይደረጋል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሳችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ይህም እንደዚያው ነው። ለግማሾቻችሁ ባዶው ይደርሳችኋል፤ ዕጣ ነውና አይከፋችሁ።»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ዶክተር ሊን «እንዴት ያለ ጥሩ ምሳሌ ነው!» ብሎ አመሰገናት። የሺሀረግም ኮራች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ አማርኛዋ ሰው ፊት ቆማ ስትመሰገን የመጀመሪያዋ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእሷ እንደሆነ ገና አላወቀችም።

ሁለት ወር አለፈ። የአደይ ሣህሊቱ ጣት ትንሽ ለቀቅ አለ። አብረዋቸው የተመዘገቡት የወይዘሮ ለተብርሃንም ትንሽ። ከከተማው ወጣ ያለችው የዓዲ ኣበይቶ መንደር ገበሬ የአቶ ዓንደማርያምም ትንሽ። የሺሀረግ ደስ ብሏት ቁጥሩን ስትጽፍ ዶክተሩ ግን ከሳምንት ሳምንት ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ኅዳር መጨረሻ ላይ መዝገቡን ዘርግቶ አስቀመጣት። ትንሹንም ትልቁንም «እርስዎ» ማለት ልማዱ ነው።

«ወይዘሮ የሺሀረግ፣ ይመልከቱ። ሰው ይለያያል። ሥሩ ከሠራ አንዳንዱ ብዙ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይሻለውም። ይህ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል ነው። አርባውም ትንሽ ትንሽ ተሽሏቸዋል። ሰው ስላየው፣ ስላዘነለት ብቻም ትንሽ ይሻለዋል። እንግዲህ ሥሩ አይሠራም ማለት ነው።» መነጽሩን አወለቀ። «ይህንኑ ጽፌ ወደ አገሬ እልካለሁ።»

ያን ዕለት እራት ላይ የሺሀረግ እንጀራውን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። ምን እንደሆነች አማቷ ሲጠይቋት ዶክተሩ ያለውን ነገረቻቸው። አደይ ሣህሊቱ ከት ብለው ሳቁ።

«ዋእ! ሥሩማ ይሠራል፣ ጓለይ፣ ልጄ! ጣቴን ታይ የለም? ትንሽ የሆነው ለዐርባ ሰው ስለተከፈለ ነው እንጂ።»

«ለአርባ ተከፈለ ማለት?»

«ቅርጫ ነው ብለሽን የለም እንዴ? በቅርጫ ባዶ መደብ የት አገር ነው ያለው? መደቡ ሳይስተካከል ዕጣ ይወጣል? አንዱ ሥጋ አንዱ ቅጠል ይዞ ወደ ልጆቹ ይገባል?» አሉ አደይ ሣህሊቱ፤ ነገሩ በጣም ግልጽ ሆኖባቸዋል። «እንግዲያ ሐኪሙ የውጭ ሰው ነው፣ አያውቅም አልንና ረቡዕ ረቡዕ ከሆስፒታሉ ወጥተን ለተብርሃን ቤት እንገባለን። ዐርባውን ጠርሙስ ትልቁ ሰፌድ ላይ እንገለብጠዋለን። ኣቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን። ዓንደማርያም ጥሩ ቆጣሪ ነው፣ ዐርባ መደብ ያደርገዋል። ከዚያ ዕጣ ነው። አንድም ሰው አላጉረመረመም፣ እንዳልሽው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!»

ተመልሶ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሻሂው ትን አለው። የሺሀረግ ግን እጇ ሞሶቡ ላይ ቀረ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ነው የገባት፤ የራሷ ነው። ዝም ብትል ዶክተሩ ሥሩ አይሠራም ብሎ ይጽፋል። የሠራ መድኃኒት አልሠራም ተብሎ ይቀበራል። ብትናገር ደግሞ ከቻይና ድረስ የመጣ ሥራ በአንዲት ምሳሌዋ መበላሸቱን ልትናገር ነው። ካርድ ክፍሏንም ታጣለች፤ «ድሮስ አማራዋን ማን አስገባት?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ይህን ሁሉ ለአማቷ ስትነግራቸው አደይ ሣህሊቱ ሳቃቸውን ዋጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰፌዱን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዙሪያ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

ሁለቱ ሴቶች ሲገቡ ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። አደይ ሣህሊቱ እንዲቀመጡ ቢለምናቸው እምቢ አሉ። ቆመው፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ ከሰፌዱ እስከ አቡነ ዘበሰማያቱ ነገሩት። የሺሀረግ መጨረሻው ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምሳሌው የኔ ነበር» ብላ ጨመረች። ዶክተር ሊን መዝገቡን ዘጋው። የሺሀረግ መቼ ነው የሚጮህብኝ እያለች ትጠብቃለች።

«እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ «እናቴ ይህን ሥር አሥራ አንድ ዓመት ጠጥታለች። አያቴ ጥሩ ነው ስላለ። እጇ አንዳንዴ ይሻላታል፣ አንዳንዴ አይሻላትም። ከዚያ ሆዷ ታመመ፤ ኩላሊቷ ታመመ፤ ሞተች። ሥሩ ጠቀማት ወይስ ገደላት? እኔ ሐኪም ልጇ አላውቅም። አያቴም አያውቅም። ሁላችንም ስንጠጣ ኖርን እንጂ ከማይጠጣ ሰው ጎን አስቀምጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።»

አደይ ሣህሊቱ አሁን ተቀመጡ።

«እንግዲያ ባዶው የሚደርሰው ሰው» አሉ፣ ቃሉን እየፈለጉ፣ «እሱ ባዶ እጁን የተሰደደ ለማኝ ኣይደለም። ምስክር ነው።»

«አዎ» አለ ዶክተሩ። «ምስክር ነው። እኔ እንዲህ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የናንተ አይደለም።»

ይህን የመሰለ ሐኪም የሺሀረግ አይታ አታውቅም። ሁለት ወር የደከመበትን ሥራ ውሃ በልቶት፣ እሱ ግን ይቅርታ የሚጠይቀው እሷን ነው። ልቧ ተነካ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዙት አደይ ሣህሊቱ ናቸው። ረቡዕ አርባውን ሰው አግዳሚው ላይ አስቀምጠው በትግርኛ የተናገሩትን የሺሀረግ ዛሬም ታስታውሰዋለች። እኛ መልካም ያደረግን መስሎን የሐኪሙን ዐይን አጥፍተናል፤ አሁን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በየቤታችን እንግባ፣ ወይ ዕጣችንን እንደ ሰው እንቻል አሏቸው። ዶክተሩ ደግሞ በየሺሀረግ አፍ አንድ ነገር ጨመረ። የሚፈልግ ሰው በፈለገው ቀን ጥሎ ይወጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ የሆስፒታሉ የተለመደው የሕመም ማስታገሻ ያን ዕለት ይሰጠዋል። ጥናቱ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሌላ መድኃኒት አይወስድም። አርባውም እሺ አሉ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳይወስዱ ቆዩና ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አዲስ ዕጣ ወጣ። በዚህኛው ዙር አራት ወር ነው። ሰፌዱ ወጥ ቤት ተሰቅሎ ቀረ።

ለጥምቀት የወይዘሮ ለተብርሃን እጅ ተፈታ። ሰው ሁሉ አየ፤ እሳቸውም አልደበቁም፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው አስጥተው «ኑ እዩኝ» ያሉ ሴት ናቸው። የአደይ ሣህሊቱ እጅ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ እንዲያውም ባሰበት። የጠርሙሱን ክዳን መክፈት አቅቷቸው ጠዋት ጠዋት የምትከፍትላቸው የሺሀረግ ናት። እንክብሏን በመዳፋቸው ላይ ስታደርግላቸው ሁለቱም ምን እንደሆነች ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ግን አንዳቸውም አይናገሩም።

የሳሊና ሠርግ አሥር ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ለተብርሃን ከሰዓት በኋላ መጡ። የሺሀረግ በቀጭኑ ግድግዳ ወዲያ ልብስ ታጥፋለች። ሴቶቹ በትግርኛ ነው የሚያወሩት፤ ሁሉም ይሰማታል።

«ሣህሊቱ ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ የኔ ሥሩ ያለበት ነው፤ ያንቺ ባዶ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ለዐሥር ቀን እንለዋወጥ። ማን ያያል? ልጄ ክርስትና እናቷ በሕይወት እያለች በባዕድ እጅ ልትሠራ ነው?»

የሺሀረግ ያጠፈችውን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። እንደ ጸሐፊነቷ ይህ ነገር ዳግመኛ ሥራውን እንደሚያበላሸው ታውቃለች። እንደ ምራትነቷ ግን በልቧ «እሺ ይበሏት፣ እሺ ይበሏት» ነበር የምትለው። ኋላ በዚህ አላፈረችም፤ ሰው ነች።

«ረቡዕ ሐኪሙ ይህን እጅ ሲለካ ምን ልበለው?» አሉ አደይ ሣህሊቱ። «የለተብርሃን መድኃኒት ነው ልበለው? ኣይፋል፣ አይሆንም። ጠርሙስሽን ወደ ጉያሽ መልሺ። ለሳሊና ጸጸራት ሠፈር ያለችውን ልጅ ጥሪላት፤ እጇ ጎበዝ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኋት።»

ወይዘሮ ለተብርሃን እያለቀሱ ሄዱ። የሺሀረግ ወደ ክፍሉ ስትገባ አማቷ የነጠላቸውን ዘርፍ በሦስት ከፍለው ለመጎንጎን ይሞክራሉ። አንዱን ክር በሌላው ላይ ማሳለፍ አልቻሉም። ጣታቸው አልታዘዝ አለ። እንባቸው በዝምታ ወረደ፤ ምራታቸው ስታያቸውም አልጠረጉትም። የሺሀረግ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አደይ፣ ይውጡ በቃ። ዶክተሩ ራሱ ፈቅዷል። የሆስፒታሉን ክኒን ይውሰዱ፣ ቢያንስ ሕመሙ ይታገሥልዎ።»

«እኔ ከወጣሁ፣ ጓለይ፣ ከባዶው ጎን አንድ ሰው ጎደለ። ሌላውም ይከተለኛል። ሥሩ ታድያ ከማን ጋር ይመዘን?» አሉና አፍንጫቸውን ተናፈጡ። «ነገ የሌላውን ሰው እናት ይግደላት ወይስ ያድናት ማን ያውቃል? ሂጂ ልብስሽን እጠፊ።»

የሠርጉ ዕለት የጸጸራቷ ልጅ ሳሊናን ስትሠራ አደይ ሣህሊቱ አጠገቧ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ለሹሩባ ሠሪ ይህ ከጾም ይበልጣል። ከበሮው ሲመታ እጃቸው አላጨበጭብ ስላላቸው በእልልታ ካሱት። የዚያን ቀን እልልታቸው ገጀረትን አልፎ እስከ ሁለተኛው ፌርማታ ተሰምቷል ይላል ተመልሶ፤ እሱ እንኳ ትንሽ ያጋንናል።

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ አራቱ ወር ሞላ። አርባው ሰው ተለክቶ፣ የመጨረሻው ቁጥር ተጽፎ ሲያበቃ፣ ዶክተር ሊን ፖስታውን በሁሉም ፊት ቀደደ። ቁጥር እየጠራ፣ ሥር ወይም ባዶ እያለ አነበበ። የሺሀረግ በብዕሯ ታሰምርበታለች። «ሃያ ሦስት፣ ባዶ» ሲል ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አደይ ሣህሊቱ ግን እንደ ሰማ ሰው እንኳ አልሆኑም።

ዶክተሩ ደምሮ፣ መልሶ ደምሮ፣ ከዚያ ቆመ።

«ሥሩ ከደረሳቸው ከሃያው፣ አሥራ ሦስቱ በደንብ ተሽሏቸዋል። ባዶው ከደረሳቸው ከሃያው፣ አራቱ። ሥሩ ይሠራል። ከወሰዱት ውስጥ አምስት ሰዎች ደግሞ ሆዳቸውን ታመዋል፤ ይህንንም እጽፋለሁ። ከነገ ጀምሮ ባዶው የደረሳቸው፣ ከፈቀዱ፣ በኔ ጥበቃ ሥር ሥሩን ያገኛሉ። አሁን 'ይባላል' አልልም።»

የሺሀረግ ተረጎመች። አግዳሚው ላይ እልልታ ተነሣ። ዶክተሩ እጁን አነሣ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በአገሬ ሌላ መድኃኒት እንዲህ ስንፈትን ያልተሻለው ሰው ይሰለቻል፤ ከሃያው አምስቱ፣ ስድስቱ ትተው ይሄዳሉ። እዚህ ከአርባው አንድም አልሄደም። ወይዘሮ የሺሀረግ፣ ይጠይቁልኝ። ያልተሻላቸው ሰዎች ለምን ቆዩ?»

ጠየቀች። ከኋላ አቶ ዓንደማርያም በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ዶክተሩ እንዲሰማቸው ብለው በአማርኛ ጀመሩ።

«እኔ በጥምቀት ሰሞን ልተው ነበር። ሕመሙ በዛብኝ። ይህች ሴት» ወደ አደይ ሣህሊቱ ጠቆሙ፣ «ዓዲ ኣበይቶ ድረስ መጣች። ማኪና ከሚያወርደው ቦታ እስከ ቤቴ ለጤነኛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለእሷ ስንት እንደሆነ እግዚኣብሔር ያውቃል። እጇን ከነጠላው አወጣችና 'የኔም እንዳንተ ነው። ባዶው ነው የደረሰን። መውጣት መብትህ ነው፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻ ነኝ' አለችኝ። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ ምን ብዬ ልውጣ?»

«እኔም ቤት መጥታለች» አለች ከጸጸራት የመጣች ሴት።

«እወ፣ እኔም ጋ። ሁለት ጊዜ።»

«እኔም ጋ።»

የሺሀረግ ቆጠረች፤ አሥራ አራት ሆኑ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች፣ አማቷ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው ወጥተው አምሽተው ሲገቡ «ለቅሶ ደርሼ መጣሁ» ሲሏት «ይህን ሁሉ ሰው ምን ገደለው?» ብላ እንኳ አልጠየቀችም ነበር። እግራቸውን በሙቅ ውሃ ስታጥብላቸው የት ውለው እንደደከሙ አልጠረጠረችም። ለካስ አማቷ አግዳሚው ላይ እጃቸው ያልተፈታላቸውን ሰዎች በዐይናቸው እየለቀሙ፣ አንድ በአንድ፣ በዚያ ጉልበት በየቤታቸው ሲዞሩ ኖረዋል።

ዶክተር ሊን ወደ አደይ ሣህሊቱ ሄዶ ከወገቡ ጎንበስ አለ፤ ብዙም ቆየ። ሲነሣ መነጽሩ ጉም ለብሶ ነበር። ወደ መዝገቡ ተመለሰና በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችውን መስመር ለየሺሀረግ በጣቱ አሳያት፤ ያቋረጡ ሰዎች ብዛትና ምክንያት ይላል።

«ምን ብለን እንጻፍ?» አላት።

የሺሀረግ ብዕሩን አነሣች፤ አልሆነላትም። እንባዋ ቀደማት፤ መዝገቡ ላይ ጠብ ጠብ አለ። አደይ ሣህሊቱ ይህን ሲያዩ ተቆጡ፤ ሰው ሁሉ እያያቸው ስለሆነ ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«ዋእ! ምን ያስለቅስሻል? ወረቀቱን አታርጥቢው፣ ሐኪሙ ደክሞበታል። ያቋረጠ የለም ብለሽ ጻፊ፣ ጓለይ። ምክንያቱ የኛ ጉዳይ ነው።»

የሺሀረግ እንዳሏት ጻፈች።